መልስ፦ ድብርቴ ልጄን ይጎዳው ይሆን?

እህቴ፣ «ድብርት ከያዘኝ ወዲህ የሁለት ዓመት ልጄ ጭምት ሆኗል፤ በእኔ ምክንያት ይሆን?» ብለሻል። ጥፋተኛ አይደለሽም፤ ሕመም ነው። ልጁ ግን ይሰማዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶች ምንም ስሜት ሳያሳዩ ሕፃናቶቻቸውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያዩ አደረገ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። መልስ ሲያጡ ፊታቸውን አዞሩ፣ አለቀሱ። ትንሽ ልጅ ስሜቱን ማረጋጋት የሚማረው ከአሳዳጊው ፊትና ድምፅ ነዋ! ድብርቱ ሲቆይ አንዳንዱ ይነጫነጫል፣ አንዳንዱ ጭጭ ይላል።

ሁሌ መሳቅ ግን አይጠበቅብሽም። ዝም ብለሽው ከቆየሽ በኋላ መልሰሽ ማቀፍሽ ራሱ ብዙ ይጠግናል። አባቱ ወይም አያቱም በየቀኑ ያጫውቱት። አንቺ ሕክምና ጀምሪ፣ «ያልፋል» እያልሽ አትቆዪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሪና ሐኪም ቤት ሂጂ።