ዛሬ ማንን ልሁን?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ በየቀኑ ራሴን ፎቶ አነሳለሁ። ጠዋት ስነቃ «በዛሬዋ ዕለት በታሪክ ምን ሆኖ ነበር?» ብዬ እፈልግና አንዱን እመርጣለሁ። ከዚያ ያንን ሰው ሆኜ እነሳለሁ። ሐሳቤ ዓመት ሙሉ ልሠራው ነበር። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ አሁን ግን ፎቶዎቹ የትምህርት ቤት ድራማ መሰሉብኝ። ቆብ እቀይራለሁ፣ ጺም እስላለሁ፣ ያው እኔው ነኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚገኘው እልቂት ብቻ ነው። እሱንስ እንዴት አድርጌ ልነሳ? ቀኖቹም አንዱ ጋ እንዲህ፣ ሌላው ጋ እንዲያ ተብለው ይጻፋሉ። ያመለጡኝ ቀኖችም አሉ። በማግስቱ አንስቼ «የትናንት ነው» ብል ማን ያውቅብኛል? በዚህ ሁሉ ላይ ብቻዬን ስለምነሳ ግማሹ ፎቶ ፎከስ የለውም። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ቆብ ያለቀባት

መልስ፦

እህቴ፣ ቀጥዪ። ቆቡን ግን ተይው።

እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ሥራ ይዤ ስለነበር ጥያቄሽ አልገረመኝም። ቤተሰቡ ለቁርስ ሲጠብቀኝ አንሶላ ተከናንቤ መስኮት ሥር የቆምኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ልጆቼ ዛሬም ይስቁብኛል። አንቺ የምትጠቀሚው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ስለሆነ እኔም ቀኖቹን በዚያው እጽፋለሁ።

እንደሚመስለኝ ያስቸገረሽ ልብሱ አይደለም። ሁልጊዜ ዋናውን ሰው ለመሆን መፈለግሽ ነው። ጠፈርተኛውን ጋጋሪንን እንውሰድ። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ወደ ጠፈር ወጥቶ፣ መሬትን ዞሮ እስኪመለስ 108 ደቂቃ ፈጀበት። ያን ቀን ፎቶ የሚነሳ ሁሉ የጠፈርተኛ ቆብ ፍለጋ ነው የሚሮጠው። ድስት የደፋም አይጠፋም። እኔ ብሆን እሱን አልሆንም። በፓራሹት ሲወርድ ሳራቶቭ አካባቢ ማሳ ላይ ድንች ሲተክሉ ያገኛቸው አንዲት ሴትና የልጅ ልጃቸው ነበሩ፤ አና ታክታሮቫ እና ትንሿ ሪታ። እስቲ አስቢው። ብርቱካንማ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ቆብ ያጠለቀ ሰው ማሳውን አቋርጦ ይመጣል። ደነገጡ እንጂ ምን ያድርጉ!

አንቺ አናን ሁኚ። ሻሽ ይበቃሻል። ከካሜራው ዕይታ ውጪ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ዘርጊ። ነጸብራቁ ጉንጭሽ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጨርቁን አስጠጊው። ጋጋሪን ፎቶው ውስጥ የለም፤ መምጣቱ ግን ፊትሽ ላይ ይታያል።

ዲሴምበር 17 ቀን 1903ም እንደዚያው ነው። የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያ በረራ የቆየው 12 ሰከንድ ነበር። የምናውቀውን ፎቶ ያነሳው ጆን ዳንኤልስ ነው። ፎቶ አንሺ እንዳይመስልሽ፤ በባሕሩ ዳርቻ የሕይወት አድን ጣቢያ ይሠራ ነበር። ካሜራውን አስተካክሎ ያቆመው ራሱ ኦርቪል ራይት ነው። የዳንኤልስ ድርሻ ካሜራው እንዲያነሳ የምትጨመቀውን የጎማ ኳስ መጭመቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ክንፍ አትሥሪ። ኳስ የጨበጠ እጅ፣ የሚያልፈውን ነገር ተከትሎ የዞረ አንገት፣ ነፋስ የበተነው ፀጉር። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ፊትሽም ቢሆን በየቀኑ መታየት የለበትም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ መሽቶ ነበር። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ድንጋይ ላይ የቆመ ባዶ እግር አንሺ። የእጅ ባትሪውን ከጎን፣ መሬት ላይ አስቀምጪው። አለቀ።

የለም፣ ዋናውን ሰው ካልሆንኩ የምትዪበት ቀን ከመጣ የፎቶ አንሺውን የሳሙኤል ፎሶን ሥራ እይ። በ2008 ማልኮም ኤክስን፣ አንጄላ ዴቪስን፣ ፓትሪስ ሉሙምባን፣ የእኛን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም ሆኖ ራሱን አንስቷል። ልብስና ዊግ አለ፣ አልክድም። ግን ፎሶ የቀዳው ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ የሚታወቁባቸውን ፎቶዎች ጭምር ነው። ስለዚህ ፎቶ ያለውን ሰው ስትሆኚ መጀመሪያ ፎቶውን አጥኚ። የአፍንጫው ጥላ በየት በኩል ወደቀ? ካሜራው ከዓይኑ በላይ ነው ወይስ በታች? ይህን ካገኘሽ ጺሙ ቢቀርም ግድ የለም። ይህ ካልተገኘ ደግሞ የዓለም ጺም ቢለጠፍ አያድንሽም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። የእልቂት ቀን ሲሆን ሟቹን አትሁኚ። ይህን የምለው ሰው ይቀየመኛል ብዬ አይደለም። በቀለም የተሠራ ቁስል ምንጊዜም ቀለም ነው፤ የሚያየው ሰው የሚያስበው ስለ ሜካፑ ይሆናል። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ የወደቀው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው። በዚያች ደቂቃ የቆሙ ሰዓቶች በከተማዋ መታሰቢያ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ባንክ በር ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ጥላ የቀረበት የድንጋይ ደረጃም እዚያው አለ። ያንን በራስሽ ጥላ ልትደግሚው ያምርሽ ይሆናል። ተይው፣ የሰው መቃብር ነው። ይልቅ በዚያችው ሰዓት ራስሽን ሆነሽ፣ በራስሽ ልብስ ቁሚ። ክንድሽ ላይ ሰዓት የምታስሪበትን ቦታ ባዶ አድርጊው። ያን ቀን ገጸ ባሕርይ አያስፈልግም፤ የሚያስታውስ ሰው ይበቃል።

ሞቶ ፎቶ የተነሳ ሰው የለም ወይ ካልሽኝ፣ አለ። በ1840 ኢፖሊት ባያር የተባለው ፈረንሳዊ ራሱን ሰጥሞ የሞተ ሰው አድርጎ አነሳ። ፎቶን በቀጥታ ወረቀት ላይ የማውጣት የራሱን ዘዴ ፈልስፎ ነበር። መንግሥት ግን ክብሩንም ጡረታውንም የሰጠው ሌላ የፎቶ ዘዴ ለፈለሰፈው ለዳጌር ነው። ባያር ተናደደ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግማሽ ጎኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ዘመም ብሎ ተነሳ። ፎቶው ጀርባ ላይ ደግሞ የሟቹን ታሪክ ጻፈ፤ ፊቱና እጁ የጠቆረው መበስበስ ስለጀመረ ነው ብሎ አሾፈ። ከዚያ በኋላ እስከ 1887 በሰላም ኖረ! የተጫወተው በራሱ ሞት ነው፣ በሌላ ሰው አይደለም። ደግሞ ጽሑፉን ልብ በይልኝ። ያለ ጽሑፉ ፎቶው የተኛ ሰው ነው። አንቺም ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሁለት መስመር ጻፊ፤ ያን ቀን ምን ሆነ፣ አንቺ በፎቶው ውስጥ ማን ነሽ።

የቀኑ መለያየት ብዙ አያስጨንቅሽ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአውሮፓውያኑ የራሳቸው አሮጌና አዲስ ካላንደር (የጁሊያንና የጎርጎርዮስ) ልዩነት ነው። የሩሲያው የኦክቶበር አብዮት ስሙን ያገኘው ከአሮጌው ቢሆንም በዛሬው አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው። ኒውተን በአገሩ በጊዜው በነበረው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ተወለደ፤ በአዲሱ ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂጂ። እንዲያውም አንድ ስጦታ ልስጥሽ። በ1582 ጣሊያንና ስፔን ካላንደር ሲቀይሩ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ኦክቶበር 15 ሆነ። በመሃል ያሉት ቀኖች እዚያ ጭራሽ አልነበሩም። ኦክቶበር 9 ላይ ሐሳብ ካለቀብሽ ባዶ ወንበር አንሺ፤ ማስረጃ አለሽ።

ያመለጠውን ቀን ግን እንዳትዋሺበት። ቴቺንግ ሽዬ የሚባል አርቲስት ከ1980 እስከ 1981 ዓመት ሙሉ፣ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ሠራተኛ ሥራ ሲገባ ካርዱን የሚያስመታበትን ዓይነት ሰዓት እየመታ ራሱን አንድ አንድ ፍሬም ቀረጸ። ጊዜው ሲሄድ እንዲታይ መጀመሪያ ላይ ፀጉሩን ተላጨ። ከ8,760ው ምት 133ቱ አምልጠውታል። አልደበቃቸውም። ስንቱ በእንቅልፍ፣ ስንቱ በመዘግየት፣ ስንቱ በመቸኮል እንዳመለጠው መዝግቦ ከሥራው ጋር አቀረበ። አንቺም ቦታውን ባዶ ተይና ምክንያቱን ጻፊ። «ተኝቼ ነበር» በቂ ነው።

ፎከሱ ቀላል ነው። የምትቆሚበት ቦታ ላይ መጥረጊያ በወንበር አስደግፈሽ አቁሚ። ስልኩን በማቆሚያ ላይ አድርጊና ስክሪኑ ላይ መጥረጊያውን ተጭነሽ ቆዪ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ታይመሩን 10 ሰከንድ አድርጊ፣ መጥረጊያውን አንሺና እግሩ የነበረበት ላይ ቁሚ። በኋላው ካሜራ ተነሺ፤ ጥራቱ ይሻላል። ብዙ ስልኮች ላይ የፊተኛው ጽሑፍ ስለሚገለብጥ ጋዜጣ ይዘሽ የምትነሺ ቀን ጉድ ይሠራሻል።