«ልጄን ያሳደገው ወንዝ የልጅ ልጄን ይበላል?»

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። ትምህርት ሲዘጋ አማቴ «ክረምቱን እኔ ጋ ይክረሙ» አሉና ላክናቸው። ቤታቸው መልካ ቁንጡሬ አካባቢ ነው፤ ከአዋሽ ወንዝ ብዙም አይርቅም።

ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ከምሳ በኋላ ልጆቼን አጣኋቸው። «ወንዝ ወርደዋል» አሉኝ። ስደርስ ትልቁ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ውሃው ደፍርሶ እግሩ እንኳ አይታይም። ትንሿ ዳር ላይ የጭቃ በሬ ትሠራለች። አማቴ ራቅ ብለው ልብስ ያጥባሉ። ጮህኩ። በልጆቹም በጎረቤትም ፊት «ሁለተኛ ወንዝ እንዳይወስዷቸው!» አልኳቸው።

አማቴ የያዙትን ልብስ ጨምቀው እስኪጨርሱ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄን ያሳደገው ወንዝ የልጅ ልጄን ይበላል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን ለልጆቹ ይሰጣሉ እንጂ አያናግሩኝም። ባለቤቴ «እኔም እዚያው ነው ያደግኩት፣ አታካብጂ» ይለኛል። ልጆቹ ደግሞ ቤት ተቀምጠው ደብሯቸዋል። ላምጣቸው ወይስ ልተዋቸው?

የጨነቃት እናት፣ ከለቡ

መልስ

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ክረምት ላይ አዋሽ የሚቀለድበት ወንዝ አይደለም። ልጆቹን ግን አታምጫቸው። አዲስ አበባ መጥተው ምን ሊሠሩ? ስልክ ላይ ሊተከሉ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ ይቀየር። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ከምሳ በኋላ ወንዝ መውረድ የበጋ ነገር ነው። ረፋድ ላይ ወርደው ሰማዩ ሳይጠቁር ይመለሱ። ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። አዋሽ የሚነሳው ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው፤ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው። ላይ ማታ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ከች ሊል ይችላል። ስለዚህ እንደደረሱ ውሃው ጫፍ ላይ አንድ እንጨት ይትከሉ። ውሃው እንጨቱን ካለፈው፣ ወይም ቅጠልና ጭራሮ እየነዳ መምጣት ከጀመረ፣ የታጠበውን ልብስ እንኳ ሳይሰበስቡ ወደ ላይ መውጣት ነው።

ውሃው ውስጥ መግባት ደግሞ እስከ በጋ ይቅር። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ከጉልበት በታች ያለ ውሃም ቢሆን ከሮጠ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ የደፈረሰ ወንዝ ጉድጓዱን አያሳይም። ልብስ የሚያጥብ ሰው ዓይኑ ልብሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ብቻ የሚያይ ሌላ ትልቅ ሰው አብሮ ይውረድ። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጥርቅም አድርገው፣ ረዘም ያለ ገመድ አስረው አጠገባቸው ያስቀምጡ። ልጅ ቢወድቅ የሚወረወርለት እሱ ነው። ዋና ሳይችል ዘሎ የሚገባ ሰው ሐዘኑን ሁለት ያደርገዋል። ትልቁ ልጅሽ ደግሞ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ቢሰማው፣ ሰገራው ላይ ደም ብታዪ፣ ጤና ጣቢያ ስትወስጂው ወንዝ ገብቶ እንደነበር ተናገሪ።

ለልጅ ዳሩ ይበቃዋል። የጭቃ በሬ ምን አደረገ? ቡሄም እየደረሰ ነው፤ ልጁ ጅራፍ መግመድ ይማር። እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ፣ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል። የትንንሽ ልጆች አሻራም አለበት፤ ውሃ አጠገብ ጭቃ ረግጠው ያለፉ ናቸው። ሥፍራው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በጎጆ ቅርጽ የተሠራ ሙዚየምም አለው። አማትሽንም ጨምረሽ ልጆቹን ውሰጃቸው። ጭቃ መጫወት በባለቤትሽ ዘር እንዳልተጀመረ ታያላችሁ።

አማትሽን ያስቀየማቸው ወንዙን መከልከልሽ አይመስለኝም። በልጅ ልጆቻቸውና በጎረቤት ፊት መሆኑ ነው። ይሄ በስልክ አይፈታም። ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። ልጆቹ በሌሉበት «እማማ፣ ደንግጬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። ከዚያ ጠይቂያቸው። ወንዙ ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል? ሰው የወሰደው የቱ ጋ ነው? ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ይሄን ያውቃል። «ከዚህ አታልፉም» የሚለውንም ሕግ እሳቸው ያውጡት። አብረዋቸው የሚውሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹም ካንቺ የስልክ ትእዛዝ ይልቅ የአያታቸውን ቁጣ ይሰማሉ።

ባለቤትሽ እዚያ ካደገማ ጥሩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ይሂድና ልጆቹን ብቻ የሚያየው ትልቅ ሰው እሱ ይሁን።