የጣሳ ምድጃ ዙሪያውን አልነድ ሲል

ጥያቄ፦ ከሁለት የለስላሳ ጣሳዎች ቂጥ የአልኮል ምድጃ ሠራሁ። መሃሉ ይነዳል፤ ከዙሪያው ቀዳዳዎች ግን እሳት አይወጣም። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የውስጥ ግድግዳውን ይፈትሹ። ከጣሳው ወገብ ተቆርጦ የተጠቀለለው ቆርቆሮ ከላይኛው ክፍል ጋር ጥብቅ ብሎ ካልገጠመ፣ እንፋሎቱ ወደ ቀዳዳዎቹ መገፋቱን ትቶ በመሃል ያመልጣል። ስለዚህ ከፍታውን ገምተው አይቁረጡት፤ ሁለቱን ክፍሎች ገጣጥመው ውስጡን ይለኩ። ከሥሩ ግን አልኮሉ የሚያልፍባቸው ሦስት ትንንሽ ቅዶች ያስፈልጉታል።

ቀዳዳዎቹ በመርፌ የተበሱ፣ 1 ሚ.ሜ. የማይሞሉ፣ ከ16 እስከ 20 ቢሆኑ ይበቃል። በሚስማር ከበሱት ግፊቱ ይጠፋል፤ ያኔ ሌላ ጣሳ መቁረጥ ይሻላል።

ነዳጁስ? 70 በመቶው የፋርማሲ አልኮል ውሃ ስለሚበዛበት ደካማ ነው፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄልም አይሆንም። 95 በመቶ ኢታኖል ይፈልጉ። ሜታኖል መርዝ ነው፣ ይተዉት።

ለኩሰው አንድ ደቂቃ ያህል ሳይሞቅ ድስት አይጣዱበት። ድስቱ ከምድጃው 3 ሳ.ሜ. ገደማ ከፍ ይበል፤ ነፋስም ይከለልለት። እንዲህ ከሆነ 30 ሚ.ሊ. አልኮል ግማሽ ሊትር ውሃ ያፈላል። ስሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ለፓስታ ተጨማሪ አልኮል ይያዙ።

ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። ጠፋ ብለው አልኮል እንዳይጨምሩ፤ እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ይዘላል። ድንኳን ውስጥም ፈጽሞ አይለኩሱት።