መልስ፦ ለጤና ዳሰሳ ጥናት ቤተሰቦችን በክላስተር (መጀመሪያ መንደር፣ ከዚያ ቤተሰብ) ከመረጥኩ የተለመደው የ385 ቤተሰብ ናሙና ይበቃኛል?

አይበቃም። 385 የሚሠራው ቤተሰቦቹ ከአጠቃላይ ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ ሲወጡ ነው። እርስዎ መጀመሪያ መንደር፣ ከዚያ በየመንደሩ 20 ቤተሰብ ነው የሚመርጡት። የአንድ መንደር ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ፣ የሚታከሙትም አንድ ጤና ጣቢያ ስለሆነ መልሳቸው ይቀራረባል። ስለዚህ 20ው ቤተሰብ የ20 ያህል አዲስ መረጃ አይሰጥም።

1. ዲዛይን ኢፌክቱን (በመንደር መምረጥዎ ናሙናውን በስንት እጥፍ እንደሚያሳድገው) ያስሉ፦ 1 + (20 − 1) × አይሲሲ። አይሲሲ የአንድ መንደር ሰዎች መልስ ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚለካ ቁጥር ነው። አይሲሲውን ከተመሳሳይ ጥናት ይውሰዱ። 0.05 ቢሆን 1.95 ይመጣል።
2. 385 × 1.95 = 751። 10 በመቶው ምላሽ ላይሰጥ ይችላል ካሉ ለ0.9 ያካፍሉት፤ 835 ይሆናል።
3. 835 ለ20 ሲካፈል 42 መንደር። መንደሮቹን በሕዝብ ብዛታቸው መጠን በዕጣ ይምረጡ፤ ብዙ ሕዝብ ያለው መንደር የመመረጥ ዕድሉ ከፍ ይበል።

እንደ መጸዳጃ ቤትና የውሃ ምንጭ ባሉ ጥያቄዎች አይሲሲ 0.2 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ዲዛይን ኢፌክቱ 4.8 ነው። በየመንደሩ 10 ቤተሰብ ብቻ ቢወስዱ ወደ 2.8 ይወርዳል። የመኪናው ወጪ ከፈቀደ መንደር መጨመር በየመንደሩ ቤተሰብ ከመጨመር ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ መረጃ ሰብሳቢዎች የተዘጋ ቤት ሲገጥማቸው ጎረቤቱን እንዲተኩ አይፍቀዱ። ቀን ቤት የሚገኙት በብዛት ሕመምተኞች፣ አረጋውያንና አራስ እናቶች ናቸው፤ ጤነኛው እርሻ ላይ ነው። ጎረቤት ከተተካ በጥናቱ የሚገኘው የሕመም መጠን ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመለሱ፣ ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለው ይመዝግቡ። 10 በመቶው የተጨመረው ለዚሁ ነው።