የእጅ ሰዓት ጥገናና የተሽከርካሪ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

የዕለት ሥራዬ ተሽከርካሪዎችን በግዴታ የቴክኒክ ምርመራ መስመር ላይ መመርመር ሲሆን፣ ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ የማውለው አሮጌ የእጅ ሰዓቶችን በመሰብሰብና በመጠገን ነው። ሁለቱን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ተደባልቀው ስለ ደረሱኝ፣ እንደ አመጣጣቸው በአንድነት እመልሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሰዓት ጥገናን ከባዶ ለመጀመር ምን ዓይነት ሰዓትና ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ከቤተሰብ በወረሱት ሰዓት አይጀምሩ። ቀን የማያሳይ፣ በእጅ የሚሞላና በመሥራት ላይ ያለ ተራ ሰዓት ይግዙ። በመሥራት ላይ ያለ ይሁን የምለው፣ የቆመ ሰዓት ፈትተው ከገጠሙ በኋላ እንደ ቆመ ቢቀር ጥፋቱ ቀድሞ የነበረ ይሁን እርስዎ ያመጡት ለመለየት ስለሚያስቸግር ነው። ከ0.8 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥቂት ካቻቢቴዎች፣ ጫፋቸው በትክክል የሚገጥም ሁለት ወረንጦዎች፣ አጉሊ መነጽርና አቧራ መንፊያ ለመነሻ ይበቃሉ። የካቻቢቴው ምላስ የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ ካልተቀመጠ ይንሸራተትና ብረቱን ይጭረዋል፤ ጭረቱም የማይጠፋ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው የሚለማመዱት ግን የዋናውን ሞላ ኃይል ማስለቀቅ ነው። መሙያውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘው ጥቂት ወደ መሙላት አቅጣጫ ያዙሩት፤ በዚያው ቅጽበት፣ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይፈታ የምታግደውን ትንሽ ምላስ በእንጨት ስንጥር ገፍተው ይያዟት፤ ከዚያም መሙያው በጣቶችዎ መካከል ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንዲዞር ይፍቀዱለት። ይህ ሳይደረግ ባላንሱን (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት የሚወስነውን ጎማ) እና ባለ ጥርስ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ሹካ ከተነሣ፣ በሞላው ውስጥ የታመቀው ኃይል ጥርሶቹን በአንድ ጊዜ ያሽከረክራቸውና እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን የዘንግ ጫፎች ሊሰብር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት በትክክል የሠራ ሰዓቴ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ጀመረ። የፍጥነት ማስተካከያውን ወደ መዘግየት ብገፋው ይሻላል?

ለጊዜው አይንኩት። ድንገተኛ መቅደም አብዛኛውን ጊዜ የማግኔት ሥራ ነው። የስልክ ድምፅ ማውጫ፣ የኮምፒውተር ክዳን ወይም የቦርሳ መቆለፊያ በባላንሱ ላይ ያለውን ቀጭን ሞላ ማግኔት ሲያስይዘው ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የሚሠራው ርዝመቱ ያጥርና ባላንሱ ይፈጥናል። ኮምፓስ አጠገብ ሲያስጠጉት መርፌው ከተንቀጠቀጠ ወይም ከዞረ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ማግኔት ማስለቀቂያው ርካሽና ቀላል መሣሪያ ነው፤ ቁልፉን እንደ ተጫኑ ሰዓቱን ቀስ ብለው እስከ አንድ ክንድ ያህል ያርቁትና ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን ይልቀቁ። ኮምፓሱ ምንም ካላሳየ፣ በጥምጥሙ ላይ ዘይት ነክቶ ወይም ሰዓቱ ወድቆ ጥምጥሙ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል መከፈት አለበት። ማስተካከያውን በመጀመሪያ መግፋት ችግሩን ሸፍኖ ማስቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ የሰዓት መለኪያ መሣሪያ ገዛሁ። በቀን 2 ሰኮንድ ብቻ እንደሚቀድም ካሳየኝ ሰዓቱ ጤነኛ ነው ማለት እችላለሁ?

አይችሉም፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። መሣሪያው ሦስት ነገር ይነግርዎታል፦ በቀን ስንት ሰኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ፣ ባላንሱ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚወዛወዝ፣ በሁለቱ ምቶች («ቲክ» እና «ታክ») መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሚሊሰኮንድ እንደሆነ። ሙሉ በሙሉ የተሞላና ፊቱ ወደ ላይ የተቀመጠ ጤነኛ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ይወዛወዛል። ስለዚህ 2 ሰኮንድ ቀድሞ 190 ዲግሪ ብቻ የሚወዛወዝ ሰዓት ዘይቱ ደርቋል ወይም ቆሽሿል፤ 15 ሰኮንድ ቀድሞ 290 የሚወዛወዘው ግን ማስተካከያ ብቻ የሚፈልግ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የስዊዘርላንድ የክሮኖሜትር (በትክክለኛነቱ ተፈትኖ የተመሰከረለት ሰዓት) መስፈርት በቀን በአማካይ ከመዘግየት 4 እስከ መቅደም 6 ሰኮንድ ሲሆን፣ በሰፊው የሚሸጠው ኤንኤች35 የተባለው የሴይኮ የሰዓት ሞተር ከመዘግየት 20 እስከ መቅደም 40 ሰኮንድ ድረስ ይፈቀድለታል። ሰዓቱን ከመክፈትዎ በፊት ሦስቱንም ቁጥሮች ቢያንስ ፊቱ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታችና መሙያው ወደ ታች ሆኖ ለክተው ይጻፉ፤ ያለ እነዚህ ቁጥሮች ጥገናው ምን እንዳሻሻለ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ፍሬን በመንገድ ላይ በደንብ ይይዛል፤ በምርመራ ግን ወደቀ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህ ከላይኛው ጥያቄ ጋር ወንድማማች ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። ጎማዎቹ የሚያርፉባቸው የመሞከሪያው የሚሽከረከሩ በርሜሎች የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ኃይል ለየብቻ ይለካሉ። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት፣ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኝ ዘንግ) ላይ ያለ ጎማ የፍሬን ኃይሉ ከሌላኛው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ጉድለት ነው፤ ድምሩ በቂ ቢሆንም እንኳ። በደረቅ መንገድ ላይ መሪውን ሳያውቁት ስለሚያቃኑት ልዩነቱ አይሰማዎትም፤ በእርጥብ መንገድ በኃይል ሲይዙ ግን መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። የተጣበቀ ፒስተን፣ ዘይት ወይም ግሪስ የነካው የፍሬን ሸራ፣ ውስጡ ያበጠ የፍሬን ቱቦ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። የጎማ ነፋስ አለመመጣጠንም ውጤቱን ስለሚያዛባ ከምርመራ በፊት ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ የቼክ ኢንጅን መብራትን ከምርመራው ጠዋት በማሽን ባጠፋውስ?

የመኪናው ኮምፒውተር ማኅደር ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው ምርመራዎችም ወደ መነሻ ይመለሳሉ፤ መርማሪው ይህን ማየት ይችላል። ችግሩን ያስጠግኑና እነዚህ የኮምፒውተሩ ምርመራዎች እስኪጠናቀቁ ድረስ መኪናውን በተለያየ ፍጥነት ይንዱት።

ጥያቄ፦ ምርመራ ያለፈ መኪና እስከሚቀጥለው ድረስ ደኅና ነው? እግረ መንገድዎን፣ 30 ሜትር ውኃ ይቋቋማል የተባለ ሰዓት አድርጌ መዋኘት እችላለሁ?

ለሁለቱም መልሱ አይደለም ነው። ምርመራ መኪናው በዚያ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ይመሰክራል፤ በዕለቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ የነበረው ጎማ በሕግ ቢያልፍም ከጥቂት ጉዞ በኋላ ከወሰኑ በታች ይወርዳል። በሰዓት ላይ የተጻፈው 30 ሜትርም ጎሚኒው አዲስ ሳለ የተገኘ የግፊት ውጤት እንጂ የመጥለቂያ ጥልቀት አይደለም፤ እጅ ለመታጠብ ይበቃል፣ ለዋና አይበቃም። የኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጎሚኒውን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ በጨለማ የሚያበራ አሮጌ ሰዓት ገዛሁ። አሁን አያበራም፤ ቀለሙን ፍቄ ልቀባው?

እባክዎ አይፋቁት። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በተሠሩ ሰዓቶች ላይ ያለው ቀለም ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ የጠፋው አብሮት ያለው የዚንክ ውህድ ስላረጀ ነው፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ጊዜ) 1,600 ዓመት ያህል በመሆኑ ጨረሩ ብዙም አልቀነሰም። ትልቁ አደጋ ብናኙን መተንፈስ ወይም መዋጥ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን በምግብ ጠረጴዛ ላይ አይክፈቱ፣ በመንፊያም አይንፉበት። ከፊቱ ግርጌ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ቀለሙ ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት የሆነው ትሪቲየም ነው፤ ጨረሩም መስታወቱን አያልፍም። ብዙ የራዲየም ሰዓቶች ካሉዎት ራዶን ጋዝ ስለሚያመነጩ በመኝታ ክፍል አያከማቿቸው።

ጥያቄ፦ ሰዓት ስገዛ የታሪኩን እውነተኛነት በምን ልለይ?

መኪና ላይ ነገሩ ይቀላል፤ በብዙ አገሮች በየምርመራው ኪሎ ሜትሩ ስለሚመዘገብ ቁጥሩን ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ይጋለጣል። ሰዓት እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ ሆኖም የኋላ ክዳኑን ገልብጠው በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ ቀደምት ሰዓት ሠሪዎች በመርፌ የጫሯቸውን ጥቃቅን ቀኖችና ምልክቶች ያገኙ ይሆናል። እኔ ከሚያብለጨልጭ ፊት ይልቅ እነዚህን ጭረቶች አምናለሁ። ደቂቃ ቆጣሪው የደቂቃ መስመሩ ላይ የማይደርስ ከሆነም ከሌላ ሰዓት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ የአሮጌ መኪናዬ የዳሽ ቦርድ ሰዓት ቆሟል። ምርመራ ያስጥለኛል?

በአብዛኛው ሰዓቱ ከሚመረመሩት ክፍሎች ውስጥ ስለሌለ አያስጥልዎትም፤ መጠገኑ ግን ደስ የሚል ሥራ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ የመኪና ሰዓቶች በውስጣቸው ሞላ ያለው መካኒካል ሰዓት አላቸው፤ ሞላው በየጥቂት ደቂቃው ሲላላ ሁለት የብረት ነጥቦች ይነካኩና ኤሌክትሮ ማግኔቱ «ጠቅ» ብሎ መልሶ ይሞላዋል። የባትሪው ኃይል ሲዳከም ማግኔቱ ሞላውን መግፋት ያቅተዋል፤ ነጥቦቹ እንደተነካኩ ይቀሩና ጥቅልሉ ይቃጠላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የጥቅልሉን ጤንነት በመልቲሜትር ይለኩ፣ ነጥቦቹን በስሱ ያጽዱ፣ የደረቀውን ዘይት አጥበው በጠብታ አዲስ ዘይት ይቀቡ። ሲገጥሙት የራሱ ትንሽ ፊውዝ ይኑረው፤ መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነም የሰዓቱን ሽቦ ይንቀሉት።