ሙሉ ቅጂውን ሳትቀበል ከክሊኒኩ አትውጣ

ከሞጣ የጻፍከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትህ ቅዳሴ ቆማ ሳለች ወደቀች፤ አዲስ አበባ ወስደሃት ኢኢጂ የሚባለው፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ ተደረገላት፤ ወረቀቱ «ከግራ ጆሮ በላይ ሹል ሞገድ ታይቷል» አለ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል ታዘዘላት። አንተም «ሹል የተባለ ሁሉ በሽታ ነው ወይ? የጤነኛ ሰው ሞገድስ ምን ይመስላል?» ብለህ ጠየቅህ። በታላቅ እህቴም የደረሰው ይኸው ነው። እኔ ደንበጫ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ሙያው እያለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ወረቀት አምኜ መድኃኒቱን በእጄ አቀብያታለሁ።

አንደኛ፦ ወረቀቱን ብቻ ይዘህ ከመጣህ ለሞገዱ ሙሉ ቅጂ ተመልሰህ ሂድ። ወረቀቱ የአንድ ሰው ንባብ ነው፤ አንጎሏ የጻፈው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። ሌላ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ «ሞገዱስ የታለ?» አለኝ። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ውጤታችሁን ወስዳችኋል፤ ሌላ ምን ቀረ?» አለችኝ። በሁለተኛው ጉዞ «ኃላፊው የለም» ተባልኩ። በሦስተኛው ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፌ፣ አንዱን በቀኑ አስፈርሜ በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ በሲዲ ገልብጠው ሰጡኝ፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለአሥር ደቂቃ ሥራ የዓባይን በረሃ ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሁለተኛ፦ ጤነኛው ሞገድ። ሐኪሙ ሲዲውን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና በመጀመሪያ አልፋን አሳየኝ። ሰው ነቅቶ ዓይኑን ሲጨፍን ከጭንቅላቱ በስተኋላ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ የተስተካከለ ሞገድ ይመጣል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይደበዝዛል። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 የሰውን የአንጎል ሞገድ ለዓለም ሲያሳውቅ ቀድሞ የለየው ይህንኑ ነው። ከ13 በላይ የሚፈጥነው ቤታ ይባላል፤ ፌኖባርቢታል ወይም ማረጋጊያውን ዲያዜፓም በሚወስድ ሰው ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ ባለቤትህ እንደገና ከተመረመረች የምትወስደውን ንገሩ። ቀርፋፎቹ ቴታና ዴልታ በእንቅልፍ ጊዜ የሚጠበቁ ናቸው። እንቅልፍ ሲገባ በአናት ላይ የሚሾል ሞገድ ይወጣል፤ እሱም ጤና ነው። ስፒንድል የሚሉትም አለ፤ እንዝርት ማለት ነው፤ ፈትል እንደተጠቀለለበት እንዝርት መሐሉ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ቀጠን ይላል።

ሦስተኛ፦ የእህቴን ሁለት ዓመት የበላው ዊኬት የሚባለው፣ ሹል ቢመስልም በሽታ ያልሆነ ሞገድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ሲያንቀላፉ፣ ከጆሮ በላይ ባለው ክፍል፣ በሰከንድ ከ6 እስከ 11 ጊዜ ይመጣል። ቅርጹ በእናንተ በኩል ያለውን የሰባራ ድልድይን ቅስቶች ይመስላል። ቅስቶቹ ተከታትለው ሲመጡ ለመለየት ይቀላል። አንዳንዴ ግን አንዱ ብቻውን ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚጥል በሽታን ሹል ሞገድ ይመስላል። የቸኮለ ሰው እዚያው ላይ ይፈርዳል። ታጋሹ ሌሎቹን ገጾች ያገላብጣል፦ ያው ቅርጽ ሌላ ቦታ ተደርድሮ ይገኛል ወይ? እንደ በሽታው ሹል ሞገድ ከኋላው ቀርፋፋ ሞገድ ይከተለዋል ወይ? በዙሪያው ያለውን ሞገድ ያናጋዋል ወይ? በእህቴ ቅጂ ላይ «ሹል» የተባለው ሞገድ ብቻውን ነበር፤ ጥቂት ገጾች አልፎ ያው ቅርጽ ሰባት ሆኖ ተሰልፏል። ቀርፋፋ ሞገድ አይከተለውም፤ ዙሪያውም ሰላም ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሲያሳየኝ አፌ ተሳሰረ።

ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ስትወድቅ ያያት ማን ነው?» በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አጠገቧ የቆሙት እማሆይ ዛሬም አሉ። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ፊቷ ነጣ፣ አላባት፣ «ዓይኔ ጨለመ» ብላ ተዝለፈለፈች፣ ሲያስተኟት ወዲያው ነቅታ አወቀቻቸው። የሚጥል በሽታ ሳይሆን ተራ ራስን መሳት ነበር። እኔ ግን እንጀራ መጋገር ከልክያት፣ ወንዝ ብቻዋን እንዳትሻገር አስጠብቄያት ነበር፤ እሷም መምህርት ናትና ክኒኑ እያደከማት ክፍል ውስጥ ቆማ እያንቀላፋች ታስተምር ነበር። መምህራን ጓደኞቿ እንዳይሰሙ ክኒኑን በመቀነቷ ቋጥራ ነበር የምትሄደው።

ሐኪሙ መድኃኒቱን በወራት ቀስ በቀስ ቀንሶ አስቆማት። አንተ በራስህ እንዳታስቆማት! ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ሊጥል ይችላል። የባለቤትህም ሞገድ እውነተኛ የሚጥል በሽታ ሞገድ ሊሆን ይችላል፤ ኢኢጂው ንጹሕ ሆኖ በሽታው ያለበት ሰውም አለ። ስለዚህ ነው አወዳደቋና ሙሉ ቅጂው አብረው መታየት ያለባቸው።

እንደገና ከተመረመረች ደግሞ ሹሩባዋን ፍቱላት፤ ቅቤ ካለ በሳሙና ይታጠብ፤ ሞገዱን ለመቅዳት ጭንቅላት ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ በቅቤ ላይ አይይዝም። ሌሊቱን እንቅልፍ ቀንሳ ትሂድ ካሏት እሺ በሉ፤ ብዙው ነገር የሚታየው በማንቀላፋት ላይ ነው።

አሁን ይህን መልስልኝ፦ ዕድሜዋ ስንት ነው? ስትወድቅ ቆማ ነበር ብለሃል፤ ከመውደቋ በፊት ምን አለች? ከነቃች በኋላ ምን ያህል ጊዜ ግራ ገባት? አጠገቧ የነበረውን ሰው ዛሬውኑ ጠይቀህ ጻፈው፤ ቀን ሲያልፍ ይረሳል።