ጉድጓድ ይለሰናል ወይስ ይመረጋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አቃቂ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። አሁን ስለ ነዳጅና ጋዝ ጉድጓድ የሚያወራ የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሲሚንቶ የማስገባቱን ሥራ እኛ “ሲሚንቶ ማድረግ” እንለዋለን። ጓደኛዬ ግን “ልሰና በል” አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁስሌን ነካኸው። ይሄ “ማድረግ” የሚሉት ግሦቻችንን አንድ በአንድ እየዋጠ ነው። ቼክ ማድረግ፣ ሴቭ ማድረግ፣ አሁን ደግሞ ሲሚንቶ ማድረግ!

“ልሰና”ም አልጣመኝም። ለሳኝ ካዙላና ፍራታሶውን ይዞ፣ ግድግዳውን እያየ ነው የሚያለሰልሰው። የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ማን እጁን ይሰዳል? መጀመሪያ ኬዚንግ የምትሉት የብረት ቱቦ ይወርዳል። የተበጠበጠው ሲሚንቶ በቱቦው ውስጥ እስከ ታች ይገፋል። ከዚያ ዞሮ በቱቦውና በዓለቱ መካከል ሽቅብ ይወጣና እዚያው ይጠነክራል። ለማሳመር አይደለም። ቱቦውን እንዲይዝ፣ ጋዙም በቱቦው ጀርባ ሾልኮ እንዳይወጣ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ 11 ሠራተኞች የሞቱበት ፍንዳታ አንዱ መነሻ፣ ከታች ያለው ሲሚንቶ ጋዙን አለማገዱ ነበር።

“መድፈን” የሚልም አይጠፋም። የተደፈነ ጉድጓድ ግን ያለቀለት ጉድጓድ ነው።

የእኔ ቃል “መረገ” ነው፤ ከግዕዝ ጀምሮ ያለ። ልጅ ሆኜ ሱሉልታ አክስቴ አረቄ ስታወጣ አይ ነበር። መቃው ማሰሮው አፍ ላይ የሚገባበትን ዙሪያ በሊጥ ትመርገዋለች። በጣቷ ትጫነዋለች፣ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፣ “እስ” የሚል ድምፅ ከሰማች ትደግመዋለች። ቱቦ አለ፣ ክፍተት አለ፣ ማምለጥ የሚፈልግ እንፋሎት አለ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

“ሲሚንቶ” ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው። ጣሊያኑ ደግሞ ከላቲን ወሰደው፤ ሥሩ “ቆረጠ” የሚል ግሥ ነው። ድሮ የተጠረበ ድንጋይ ስብርባሪ ማለት ነበር፣ የሚያጣብቀው ነገር አልነበረም። ቃሉ ባለቤቱን ከድቶ ወደ ማጣበቂያው ዞረ። አልጠየቅከኝም፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

“ምርጊትም እኮ የግድግዳ ጭቃ ነው፤ ልስንን በዚህ ከጣልክ እሱንም ጣለው” የሚለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ መልስ የለኝም። እኔ ግን “ምርጊት” ስል የአክስቴ ማሰሮ ትዝ ይለኛል፤ “ልሰና” ስል ቀለም የሚጠብቅ ሳሎን።

ደግሞስ የሚቆፍሩት እናንተ ናችሁ። ሳይት ላይ “ሲሚንቶ አድርጉ” ሲባል ሁሉም ገብቶት ይሮጣል፤ “መርጉ” ቢባል ግማሹ ይስቃል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ “የጉድጓድ ምርጊት” በልልኝ። ውስጡ ላይ አንድ ሁለት ቦታ “ሲሚንቶ ማድረግ” ብትል፣ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ።